የሊዮኖቭ ልብስ ለምን ተነፋበት? መሬት ላይ አልሞከሩትም ነበር?

አንድ መምህር የላኩልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ስምንተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። የሶቪየት ኅብረቱ አሌክሲ ሊዮኖቭ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመንኮራኩር ወጥቶ ጠፈር ላይ የተንሳፈፈ ሰው እንደሆነ፣ ልብሱ ተነፍቶበት መመለስ አቅቶት እንደነበር ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው። አንዷ እጇን አውጥታ ‹መሬት ላይ አልሞከሩትም እንዴ?› አለችኝ። መልስ አጣሁ። ሌላው ደግሞ ‹ከዚያ በኋላስ ምን ሆነ?› አለ። እሱንም በደንብ አላውቀውም።»

ሰላም መምህር። ጥያቄዎን ሳነብ ደስ አለኝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቼ እንኳ ይህን ብዙም አይጠይቁኝም። ታሪኩን ሰምተው «ጀግና ነው» ብለው ያልፋሉ። ያቺ ልጅ ግን አላለፈችውም። በርቺ በሉልኝ።

እኔ የማስተምረው ስለ አየርና ስለ ግፊት ነው። የጠፈር ልብስ ደግሞ ለዓመታት ስከታተለው የኖርኩት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ከልብሱ ልጀምርና ወደ ሰውየው ልሂድ። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ዋናዋን ቀን ብቻ በእኛም ልንገርዎ፦ መጋቢት 9 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ማለትም ማርች 18 ቀን 1965።

አጭሩ መልስ፦ ሞክረውታል። ደጋግመው ሞክረውታል። ያልቻሉት ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ መሞከር ነው። ይህን ለማስረዳት ጎሚስታ ቤት እንሂድ።

ጎሚስታው ቀዳዳ ለመፈለግ ከመነዳሪውን ከጎማው ያወጣና ይነፋዋል። ከመነዳሪው ወዲያው ያብጣል። አንዱ ጎኑ ከሌላው በልጦ እንደ እባጭ ይወጣል። ያንኑ ከመነዳሪ መልሶ ጎማው ውስጥ ከትቶ ሲነፋው ግን አያብጥም፤ ይጠነክራል። በአውራ ጣት ቢጫኑት ድንጋይ ነው። የጠፈር ልብስም እንደዚያ ነው። ከውስጥ አየር የማያስወጣ ስስ ሽፋን አለ፤ እሱ ከመነዳሪው ነው። ከላዩ ደግሞ እንዳያብጥ ቀፍድዶ የሚይዘው ጠንካራ ጨርቅ አለ፤ እሱ ጎማው ነው። ሰውየው የተቀመጠው ከመነዳሪው ውስጥ ነው።

የሊዮኖቭ ልብስ «ቤርኩት» ይባል ነበር። ውስጡ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው የአየር ግፊት 0.4 ያህሉን የያዘ ንጹህ ኦክስጅን ነበር። ውጭው ባዶ ነው። 0.4 ሲባል ትንሽ ይመስላል። ግን ያስሉት። በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲሜትር ላይ 400 ግራም ገደማ ወደ ውጭ ይገፋል። መዳፍ በሚያክል 100 ስኩዌር ሴንቲሜትር ላይ 40 ኪሎ ማለት ነው። በደረትና በጀርባ፣ በክንድና በጭን ላይ ሲደመር ስንት እንደሚሆን ልጆቹ ራሳቸው ይገምቱት።

አሁን ክርን ማጠፍ ፈለጉ እንበል። ክርን ሲታጠፍ እዚያ ያለው የልብሱ ክፍል ይጠባል። አየሩ የሚሄድበት ስለሌለው ይጨመቃል። ስለዚህ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ አየር የመጨመቅ ሥራ ነው። ሲለቁት ክንዱ ተመልሶ ይዘረጋል። ጨርቁ ደግሞ ምንም ቢጠነክር ትንሽ መሳቡ አይቀርም። እጅጌው በጥቂት ሴንቲሜትር ቢረዝም የለባሹ ጣት ከጓንቱ ጫፍ ይወጣል። እግሩም ከጫማው ጫፍ ይርቃል። ሊዮኖቭ የገጠመው ይህ ነው።

ወደ ተማሪዎ ጥያቄ ልመለስ። መሬት ላይ አየር ተመጥጦ የወጣለት ክፍል ነበራቸው። ሊዮኖቭ ልብሱን ለብሶ እዚያ ገብቷል። ግን እዚያ ክብደት አለው። እግሩ ወለል ይረግጣል፣ ጀርባውን ያስደግፋል፣ ሰውነቱ ልብሱ ውስጥ ወደ ታች ይቀመጣል። ክብደት የሌለበትን ሁኔታ ደግሞ በቱ-104 አውሮፕላን ተለማምደዋል። አውሮፕላኑ ወደ ላይ ተወንጭፎ ወደ ታች ሲወርድ ውስጡ ያለው ሰው ይንሳፈፋል። ይህም የሚቆየው ለግማሽ ደቂቃ ያህል ነው። ወጣ፣ ገባ፣ አለቀ። ባዶነቱን ለብቻ፣ መንሳፈፉን ለብቻ ሞከሩ። ሁለቱ አንድ ላይ ለደቂቃዎች የሚገኙበት ቦታ መሬት ላይ የለም። እዚያው ጠፈር ላይ ብቻ ነው።

ሰው የሌለባት የሙከራ መንኮራኩርም ልከው ነበር። ኮስሞስ 57 ትባላለች። ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1965 ተተኮሰች። ከሁለት የመሬት ጣቢያዎች የተላከላት ትእዛዝ ተደራረበና ራስን ማጥፊያው ሠራ። ፈነዳች። ከሊዮኖቭ ጉዞ በፊት አንድ ወር እንኳ አልቀረም ነበር። ሊዮኖቭ እንደተናገረው፣ ዋናው መሐንዲስ ሰርጌይ ኮሮሊዮቭ እሱንና አዛዡን ፓቬል ቤልያዬቭን ጠርቶ ምርጫውን ለእነሱ ሰጣቸው። እንጠብቅ ወይስ እንሂድ? እንሂድ አሉ። አሜሪካኖቹም በዚያው ዓመት ሰው ለማውጣት እየተዘጋጁ እንደሆነ ያውቁ ነበር።

የመንኮራኩሯ ስም ቮስኮድ 2 ነው። ውስጧ ያሉት መሣሪያዎች የሚቀዘቅዙት በአየር ነበር። በሩን ከፍተው አየሩን ቢያስወጡት መሣሪያዎቹ ይቃጠላሉ። ስለዚህ በጎኗ ላይ በአየር የሚነፋ የጨርቅ መውጫ ክፍል ገጠሙላት። «ቮልጋ» ይባላል። ውስጡ አንድ ሜትር ስፋት፣ ሁለት ሜትር ተኩል ርዝመት ያለው ቱቦ ነው። ሰውየው እዚያ ይገባል፣ ከኋላው ይዘጋል፣ አየሩ ይወጣል፣ ከዚያ የውጭው ክዳን ይከፈታል።

ሊዮኖቭ ወጣ። ከአምስት ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ገመድ ነበረው። ጥቁር ባሕርን ከላይ አየ። ፊልም የሚቀርጸውን ካሜራ ውጭ ገጠመ። ፎቶ ማንሳት ግን አልቻለም፤ የካሜራው ማስነሻ ጭኑ ላይ ነበር፣ እጁም አልደረሰለትም። የመመለሻው ሰዓት ሲደርስ ገመዱን መሰብሰብ አቃተው። ጣቶቹ ከጓንቱ ጫፍ ወጥተዋል። በጣቱ የማይጨብጥ ሰው ገመድ እንዴት ይጠቀልላል?

ቤቱ ደግሞ ትንሿ ልጁ ቴሌቪዥን ታይ ነበር። አራት ዓመቷ ነው። እሱ ኋላ እንደነገረን፣ አባቷን ውጭ ሲንሳፈፍ ስታይ ፊቷን ሸፍና እንዲገባ ንገሩት ብላ አለቀሰች። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ሆዴ ይባባል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ታሪኩን ተአምር የሚያደርገው። እኔ ተአምር ሲባል አልወድም። የሰውየውን እውቀት ይሰርቃልና። ሊዮኖቭ ያደረገው የልብሱን ቫልቭ ከፍቶ ግፊቱን ከ0.4 ወደ 0.27 ማውረድ ነው። መዳፍ የምታክለው ቦታ ላይ የነበረው 40 ኪሎ ወደ 27 ወረደ። ልብሱ ላላ። ጣቶቹ ተመለሱ።

ታዲያ መተንፈሱስ? ልጆቹ ይህን መጠየቃቸው አይቀርም። አዲስ አበባ ላይ ከምንተነፍሰው አየር ውስጥ የኦክስጅኑ ድርሻ ብቻውን 0.16 ገደማ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ 0.21 ነው። የሊዮኖቭ 0.27 ግን ንጹህ ኦክስጅን ነው። ስለዚህ ከእኛ የበለጠ ኦክስጅን ነበረው። አደጋው እዚያ ላይ አይደለም። አደጋው ናይትሮጅን ነው።

የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት አስተውለው ያውቃሉ? ተዘግቶ ሳለ ጸጥ ያለ ውሃ ነው። ክዳኑ ሲነሳ ግፊቱ ይወርድና አረፋው ከየት መጣ ሳይባል ይግተለተላል። በደማችንና በሥጋችን ውስጥ የሟሟ ናይትሮጅንም እንዲሁ ነው። ግፊቱ በድንገት ሲወርድ አረፋ ይሆናል። መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ ያሠቃያል፤ አንጎል ወይም ሳንባ ላይ ከሆነ ይገድላል። መከላከያው አስቀድሞ ንጹህ ኦክስጅን መተንፈስ ነው። ናይትሮጅኑ ቀስ በቀስ በትንፋሽ ይወጣል። ሊዮኖቭ በዚያ ሰዓት ንጹህ ኦክስጅን ሲተነፍስ አንድ ሰዓት ያህል እንደሆነው አስቦ ነበር። አብዛኛው ናይትሮጅን ታጥቦ ወጥቷል ብሎ አሰላ። ቫልቩንም ከፈተ። ለመሬት ሳይነግር እንዳደረገውም ኋላ ተናግሯል። በቀሩት ደቂቃዎች ውስጥ ሊረዳው የሚችል ሌላ ሰው አልነበረምና።

ከዚያ በእግሩ መግባት ሲገባው በጭንቅላቱ እንደገባ ይተርካል። በዚያች አንድ ሜትር ስፋት ባላት ቱቦ ውስጥ፣ ያንን ግትር ልብስ ለብሶ፣ ክዳኑን ለመዝጋት መገልበጥ ነበረበት። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ልብሱ ውስጥም ተጠራቀመ። ውጭ የቆየው 12 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ ነው።

መከራው እዚያ አላበቃም። የመውጫውን ክፍል አፈንድተው ሲጥሉት መንኮራኩሯ መሽከርከር ጀመረች። በሩ በደንብ ስላልገጠመ መሣሪያው ብዙ ኦክስጅን ይለቅ ጀመር። ኦክስጅን ሲበዛ ትንሽ ብልጭታ ሁሉን ያነዳል። ሁለቱም ይህን በመጽሐፍ ብቻ አልነበረም የሚያውቁት። ጓዳቸው ቫለንቲን ቦንዳሬንኮ በ1961 ኦክስጅን በበዛበት የልምምድ ክፍል ውስጥ ተቃጥሎ ሞቷል።

በማግስቱ ደግሞ በራሱ የሚሠራው የማሳረፊያ ሥርዓት አልታዘዝ አለ። ቤልያዬቭ በእጁ ሊያወርዳት ነው። ግን ወንበሮቹ የተገጠሙት በመስኮቷ ልክ አልነበረም። ቤልያዬቭ አቅጣጫውን ለማየት በሁለቱ ወንበሮች ላይ በአግድም ተኛ። ሊዮኖቭ እንዳይንሳፈፍ ያዘው። አቅጣጫው ሲስተካከል፣ ሚዛኗ እንዳይዛባ፣ ወደየወንበራቸው መመለስ ነበረባቸው። ሞተሩ 46 ሰከንድ ዘግይቶ ነደደ። ለተማሪዎችዎ ቆንጆ የሒሳብ ጥያቄ ይሆናል፦ በሰከንድ 8 ኪሎሜትር ገደማ የሚበር ነገር በ46 ሰከንድ ስንት ይሄዳል? ያረፉት ከታሰበው ቦታ 386 ኪሎሜትር ርቀው ነው።

ቦታው በኡራል ተራሮች አቅራቢያ ያለ ጥቅጥቅ ደን ነው። ጥልቅ በረዶ። ሄሊኮፕተር ማረፊያ የለም። ልብሱ ውስጥ የተጠራቀመውን ላብ ካላፈሰሰ በብርድ ሊሞት ነው። ስለዚህ ልብሱን አወለቀ፣ የውስጥ ልብሱን ጨመቀ፣ መልሶ ለበሰ። ሁለት ሌሊት አደሩ። ኋላ የመጡት ነፍስ አድን ሠራተኞች የበረዶ ሸርተቴ አመጡላቸውና ተንሸራተው ወደ ሄሊኮፕተሩ ሄዱ። ስለ ብርዱና ስለ ተኩላዎቹ የሚነገረው ከዓመት ዓመት ስለሚጨምር እሱን አልጽፍልዎትም። የሶቪየት ጠፈርተኞች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ባለሦስት አፈሙዝ ሽጉጥ ይዘው ይሄዱ እንደነበር ግን እርግጥ ነው። የዚያ ደን ትዝታ አለበት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልጅ ጥያቄ። ከዚያ በኋላስ?

መጀመሪያ ከዚያ በፊት የነበረውን በጥቂቱ ልንገርዎ፤ ሰውየውን ለማወቅ ይረዳል። ሊዮኖቭ በ1934 ሊስትቪያንካ በምትባል የሳይቤሪያ መንደር ተወለደ። ልጅ ሳለ አባቱ በስታሊን ዘመን ታሰረ። ቤተሰቡ ከቤቱ ተባረረ። አባትየው ኋላ ተፈትቷል። ልጁ ሠዓሊ መሆን ነበር የሚፈልገው። ሪጋ ከተማ የሥዕል ትምህርት ቤት ተቀብሎት ነበር፤ የሚኖርበት ገንዘብ ግን አልነበረውም። የአየር ኃይል ትምህርት ቤት ግን ያበላል፣ ያለብሳል። ስለዚህ ፓይለት ሆነ። በ1960፣ ጠፈር የደረሰ የመጀመሪያው ሰው ከሆነው ከጋጋሪን ጋር ከተመረጡት 20 ሰዎች አንዱ ነበር። ሥዕሉን ግን አልተወም። በዚያች በቮስኮድ 2 ውስጥ፣ ያ ሁሉ መከራ ባለበት፣ ባለቀለም እርሳሶች ይዞ ነበር። እንዳይንሳፈፉበት እያንዳንዳቸውን በክር አስሯቸዋል። የፀሐይ መውጫን ሣለ። ጠፈር ላይ የተሣለ የመጀመሪያው ሥዕል ነው።

ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት አልበረረም። ይህ ነው ሰው የማያውቀው፣ እኔን ደግሞ ከሁሉ የሚነካኝ። ወደ ጨረቃ ለመሄድ ሠለጠነ። ኮሮሊዮቭ በ1966 መጀመሪያ በቀዶ ሕክምና ላይ ሞተ። ለጨረቃ የተሠራው ግዙፉ ኤን-1 ሮኬት ከ1969 እስከ 1972 አራት ጊዜ ተሞከረ፣ አራቱንም ጊዜ ወደቀ። በ1968 ጓደኛው ጋጋሪን በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በጃንዋሪ 1969 ደግሞ የሶቪየቱን መሪ ብሬዥኔቭን ሊገድል የመጣ ወታደር ሊዮኖቭና ሌሎች ጠፈርተኞች በነበሩበት መኪና ላይ ተኮሰ። ሾፌሩ ተገደለ። ሊዮኖቭ አጠገቡ ጥይት አለፈ።

ከዚያ 1971 መጣ። ሊዮኖቭ፣ ኩባሶቭና ኮሎዲን ሶዩዝ 11 በምትባል መንኮራኩር ወደ ጠፈር ሊሄዱ ተዘጋጁ። ጉዞው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የኩባሶቭ ሳንባ ራጅ ላይ ነጥብ ታየ። ሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለ። በደንቡ መሠረት ሦስቱም ቀሩና ተተኪዎቹ ሄዱ፦ ዶብሮቮልስኪ፣ ቮልኮቭ፣ ፓትሳዬቭ። ጁን 30 ሲመለሱ ከፍታ ላይ አንድ ቫልቭ ያለ ጊዜው ተከፈተ። አየሩ ወጣ። ሦስቱም ሞቱ። የጠፈር ልብስ አልለበሱም ነበር፤ ሦስት ሰው ከነልብሱ አይበቃም ተብሎ። የኩባሶቭ ሳንባ ደግሞ ነቀርሳ አልነበረም።

መምህር፣ ይህን ለልጆቹ ይንገሯቸው ወይም አይንገሯቸው እርስዎ ያውቃሉ። እኔ ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ። ቫልቭ አንዱን ሰው ሲያድን፣ ሌላ ቫልቭ ሦስት ሰው ገደለ። ልዩነቱ አንደኛውን የከፈተው ስንት እንደሚያወርድ፣ ለምን እንደሚያወርድ የሚያውቅ ሰው መሆኑ ነው። ከሶዩዝ 11 በኋላ ልብስ ሳይለብስ የሚነሳና የሚያርፍ የሶዩዝ ተጓዥ የለም።

ሊዮኖቭ ዳግም የበረረው በጁላይ 1975 ነው። ከኩባሶቭ ጋር። የሄዱት ከአሜሪካኖቹ መንኮራኩር አፖሎ ጋር ጠፈር ላይ ሊገናኙ ነው። ያ የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ነው። ጁላይ 17 ተገናኙ። ሊዮኖቭና የአሜሪካኑ አዛዥ ቶም ስታፎርድ በመተላለፊያው በር ላይ ተጨባበጡ። ሊዮኖቭ እንግሊዝኛ ተምሯል፣ ስታፎርድ ሩሲያኛ ተምሯል። የስታፎርድ ሩሲያኛ በኦክላሆማ ቅላጼ ስለነበር ሊዮኖቭ «ኦክላሆምስኪ» እያለ ያስቅ ነበር። ለእንግዶቹ «ቮድካ» የሚል የተለጠፈባቸው ቱቦዎች አቀረበላቸው። ውስጣቸው ሾርባ ነበር። የእንግዶቹንም መልክ ሣለ።

ከዚያ ወዲህ አዳዲስ ጠፈርተኞችን ሲያሠለጥን ኖረ። ከ1982 እስከ 1991 የጋጋሪን ማሠልጠኛ ምክትል ኃላፊ ነበር። ሞቱ ኦክቶበር 11 ቀን 2019 ነው፣ በ85 ዓመቱ። በዚያው ዕለት ሁለት ጠፈርተኞች ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውጭ ሥራ ላይ ነበሩ። ስታፎርድ ሞስኮ ድረስ ሄዶ በቀብሩ ላይ በሩሲያኛ ተናገረ። በዚያው በኦክላሆማ ቅላጼው።

አንድ ነገር ላክልልዎት። ብዙ ሰው «ታዲያ ከዚያ በኋላ የልብሱን ግፊት ቀነሱታ» ይላል። አልቀነሱትም። ዛሬ ሩሲያኖች የሚለብሱት «ኦርላን» አሁንም በ0.4 ነው የሚሠራው። የተቀየረው መገጣጠሚያው ነው። ደረቱ ጠንካራ ብረት ሆነ። ክርንና ትከሻ ሲታጠፉ የውስጡ ስፋት ብዙ እንዳይቀየር ተደርጎ ተሠራ። የሚጨመቅ አየር ከሌለ የሚታገል ክንድ የለም። እንዲያም ሆኖ ጓንቱ ዛሬም ያስቸግራል። ከጠፈር ሥራ የተመለሱ ሰዎች ጥፍራቸው ተነቅሎ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ክፍል ውስጥ ለማሳየት ውድ ነገር አያስፈልግዎትም። ረጅሙን ዓይነት ፊኛ ይግዙ። ነፍተው ይቋጥሩትና ልጆቹ መሐሉን አጥፈው እንዲይዙት ያድርጉ። ሲለቁት ይዘረጋል። ያ የሊዮኖቭ ክርን ነው። ቀጥሎ ሌላ ፊኛ በግማሽ ብቻ ይንፉና ይስጧቸው። በቀላሉ ይታጠፋል። ያ ደግሞ 0.27 ነው። ያቺን ልጅ መጀመሪያ ያስሞክሯት።